የዓሣ ማስረከቢያችን ጣሪያ ወድቋል፤ ዳግም የድጋፍ ጥሪ

በቅርብም በሩቅም ላላችሁ የጣና ዳር ልጆች፣

በነሐሴ ማብቂያ ሌሊቱን የጣለው ዝናብና ነፋስ የማስረከቢያችንን ጣሪያ ከነማገሩ አውርዶታል። ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን ዓሣው ከጀልባ ወርዶ የሚመዘነው ፀሐይ ላይ ነው። ጥላ የሌለው አስጋሪ በዋጋ አይከራከርም። ረፋዱ ሳይገፋ ነጋዴው የጠራለትን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እስከ ቀትር ከቆየ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም።

በመስከረም የጀመርነው መዋጮ የምሰሶውን ዋጋ እንኳ ሳይሸፍን ቆሟል። ደጋግመን በራችሁን ማንኳኳታችን እንደሚያሰለች እናውቃለን። እኛም ደክሞናል።

ይህ ቦታ እንዴት እንደቆመ የምታውቁት ነው። አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ያሰግሩ ነበር፤ በታንኳ ሥራ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን የሚስተካከል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ ሐይቁ ሰፋልን፤ ገበያውም ቀረበ። ጥፋቱም አብሮ መጣ። በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጣው ባርበስ የተባለው ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ እየተጠበቀ ያልቅ ጀመር። ከእነዚህ ዓሦች ወደ 15 የሚጠጉት ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ያን ጊዜ እጃችን ንጹሕ ነበር አንልም። ዛሬ ግን በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ መረባችንን ያነሣነው፣ ዓሣ የሚያፈዝዘው የብርብራ ፍሬ ውሃ ውስጥ እንዳይጣል ሌሊት ዘብ የቆምነው፣ እምቦጭን እስከ ወገባችን ውሃ ገብተን በእጃችን የነቀልነው እኛው ነን። ለዚህ ማንም አልከፈለንም።

«ያለፈው ገንዘብ የት ገባ?» የሚሉን አሉ። የሲሚንቶው ወለል፣ ሚዛኑ፣ ዓሣ የሚበለትበት ጠረጴዛና የማድረቂያው ቆጥ በዚያ ገንዘብ የተገኙ ናቸው፤ አራቱም ዛሬ አገልግሎት ላይ ናቸው። ደረሰኙና ቃለ ጉባኤው በጽሕፈት ቤታችን አለ፤ መጥቶ ማየት ለማንም አልተከለከለም። ጣሪያውን ለመጨረሻ ያቆየነው ዓሣው አፈር ላይ ከሚወድቅ በአሮጌው ቆርቆሮ ሥር ንጹሕ ወለል ይቅደም ብለን ነው። በዚህ ውሳኔ አሁንም አንጸጸትም።

ማቀዝቀዣ ክፍል ያልሠራነውም አስበንበት ነው። በኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ ዳር፣ ካሎኮል በምትባል ቦታ በኖርዌይ እርዳታ ትልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተሠርቶ ነበር። የሠራው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የሚፈጀው ኃይልና ንጹሕ ውሃ ከዓሣው ገቢ በልጦ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ውሃው ራሱ ከዚያ ዳርቻ ሸሸ። ይህን የሰማ ኮሚቴ መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ የእናንተን ብር ማቀዝቀዣ ላይ ሊያፈስ አይችልም። ጥላ ግን መብራት አይጠይቅም።

አሁን የጎደለን የምሰሶ፣ የማገር፣ የቆርቆሮ፣ የሚስማርና የአናጺ ዋጋ ነው። የጉልበት ሥራውን እኛ እንችለዋለን። ጌታ መጀመሪያ የጠራቸው መረብ የሚጥሉ ሰዎችን ነበር፤ ሶደቃ ምን እንደሆነም ለሙስሊም ወንድሞቻችን እኛ አንነግራቸውም። በአንድ ጀልባ የምንቀዝፍ ሰዎች ነንና ሁላችሁንም በአንድ ቃል እንለምናለን።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የማኅበሩ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ከሒሳቡ ወጪ የሚሆነው በሊቀ መንበሩ፣ በገንዘብ ያዡና በሒሳብ ተቆጣጣሪው ጣምራ ፊርማ ነው። እባካችሁ በግለሰብ ስም ለማንም አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም። ስታስገቡ ስማችሁን አስጽፉ፤ የባንኩን ደረሰኝም ፎቶ አንሥታችሁ ለገንዘብ ያዡ አድርሱ።

ዓሣ ፈላጊ የሚበዛው በዐቢይ ጾም ስለሆነ ጾሙ ሳይገባ ጣሪያው መቆም አለበት። አሁንም ደግመን እናሳስባለን፦ በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ፤ ደረሰኙንም ሳትይዙ ከባንክ አትውጡ።

የማኅበሩ የግንባታ ኮሚቴ