ለሕፃናት የሚሰፋው የግፊት ልብስ እንዲስተካከል የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የቆዳ ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ሕፃናት የተሰፋ ጓንትና እጅጌን ይመለከታል

በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ተቃጥለው የቆዳ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ሕፃናት የምናሳድግ ወላጆች ነን። ከድርጅታችሁ የተረከብነው የግፊት ልብስ፣ ማለትም ጠባሳን ተጭኖ የሚያለሰልሰው ጠባብ የላስቲክ ጓንትና እጅጌ፣ ጨርቁ ጥሩ ነው፤ በጨርቁ አንከስም። ቅሬታችን ልብሱ ለአዋቂ በወጣ ንድፍ ተሰፍቶ መጠኑ ብቻ እንዲያንስ መደረጉ ነው።

ትልቁ ችግር ልኩ ነው። የግፊት ልብስ ጠባሳን የሚያለሰልሰው ቆዳው ላይ በትክክል ሲያርፍ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ግፊት ከ15 እስከ 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊትም የሚለካበት መለኪያ) ሲሆን፣ ልብሱ በቀን ለ23 ሰዓት ያህል ይለበሳል፤ የሚወልቀው ለመታጠቢያና ለማሻሸት ነው። ይህም ጠባሳው መቅላቱን ትቶ እስኪለሰልስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይቀጥላል። እናንተ ግን ልክ የምትወስዱት አንድ ጊዜ ነው፤ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መሃል የእጁ እብጠት ይቀንሳል፣ ክንዱ ደግሞ ይወፍራል። ስለዚህ ልብሱ አንጓው ላይ ይሰፋል፣ ብብቱ ሥር ያንቃል። በሰፋበት በኩል ጠባሳው ያብጣል፤ ላይኛው ጠርዝ ሲያንቅ ደግሞ ደም መመለሻ አጥቶ መዳፉ ያብጣል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ደነዘዘኝ» ብሎ አይናገርም፤ ያለቅሳል ወይም ልብሱን ይጎትታል። ወላጅም ልጁ አመለኛ ሆነ ብሎ ያስባል።

መታነቁን ማወቂያው መንገድ ቀላል ነው፦ የልጁን ጥፍር እስኪነጣ ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያም ቀለሙ በ2 ሰከንድ ገደማ መመለሱን ማየት። የላካችሁት ጓንት ግን የጣቶቹ ጫፍ ድፍን ስለሆነ ይህን ለማየት ጓንቱን በሙሉ ማውለቅ ግድ ነው። በዚያ ላይ ሕፃን ጣቱን ይጠባል፤ ድፍኑ ጫፍ ምራቅ ይይዝና ከሥሩ ያለው ቆዳ ረጥቦ ይላላል። ጫፉ ክፍት ቢሆን ሁለቱም ችግሮች ይቀሩ ነበር።

በጣቶች መካከል ያለው ክፍልም ታስቦበት የተሰፋ አይደለም። ጨርቁ እስከ ጣቶቹ ሥር አይወርድም፤ ባዶ ቦታ ይቀራል። ጠባሳ ሲድን ይኮማተራል እንጂ ከልጁ ጋር እኩል አያድግም። በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ቆዳው እየተሳበ ጣቶቹን ከሥር ካያያዘ መፍትሔው እንደገና ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። በየጣቱ መሃል እስከ ሥር ገብቶ የሚጫን ለስላሳ ማስገቢያ መኖር አለበት።

ስፌቱ ወደ ውስጥ መሆኑም ያስመርራል። ከሌላ የሰውነት ክፍል በስሱ ተልጦ የተተከለ ቆዳ የወዝ ዕጢ ስለሌለው ይደርቃል፣ ያሳክካል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ትንሽ ፍትጊያ ውሃ ያስቋጥረዋል። ክርኑ ላይ የሚያልፈው ስፌትና ሽፋን የሌለው ዚፕ ሲያቆስሉት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ልብሱ ይወልቃል። ጠባሳው ያለ ግፊት የሚቆይባቸው ቀናት የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከልብሱ ጋር የሚሰጠው ወረቀትም ያሳስተናል። ቅባት ቀብታችሁ ወዲያው አልብሱ ይላል፤ ቅባቱ በደንብ ሳይገባ ትርፉም ሳይጠረግ ከለበሰ ላስቲኩ ቶሎ ይበላሻል። በሙቅ ውሃ እጠቡ ይላል፤ የሚያስፈልገው ለብ ያለ ውሃና ቀላል ሳሙና ነው፣ ያለ በረኪና፣ ሳይጠመዘዝ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ተዘርግቶ መድረቅ። ጠባሳውን ለማለስለስ ከልብሱ ሥር የሚደረገውን የሲሊኮን ቁራጭ ከመጀመሪያው ቀን ሌሊቱን ሙሉ እሰሩ መባሉ ደግሞ ለሕፃን ቆዳ ጨርሶ አይሆንም። በቀን 4 ሰዓት ያህል ተጀምሮ ሽፍታ ካልወጣ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ቆዳውም ሲሊኮኑም በየቀኑ ይታጠባሉ፤ ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም። ሕፃን ሲሊኮኑን መንጭቆ አፉ ሊከት እንደሚችል አንድም ቃል አልተጻፈም። ይህን መዝለል አደገኛ ነው።

አንድ ልብስ ብቻ መስጠታችሁንም አንቀበልም። በየቀኑ የሚታጠብና ቀን ከሌት የሚለበስ ነገር ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት፤ በተከታታይ የሚለበስ ላስቲክም በ3 ወር ገደማ ይላላል።

ስለዚህ ልብሱ ሲደርስ ልጁ ላይ ተለክቶ ያልገጠመው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲስተካከል፣ ልጁ ሕክምናውን እስኪጨርስም ልኩ ቢያንስ በየ2 ወሩ እንዲታይ እንጠይቃለን። ስፌቱ ወደ ውጭ ይዙር፣ ዚፑ ከውስጥ ሽፋን ይኑረው፣ የጣቶቹ ጫፍ ይከፈት፣ የጣት መሃል ማስገቢያም ይጨመር። ሁለተኛው ልብስ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ይሰጥ። ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ ከማደል አቁሙ፤ በቃጠሎ የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክም ፊዚዮቴራፒስት አይቶ ካረመው በኋላ እንደገና አሳትሙት። አሁን በእጃችን ያሉትን ጓንቶች መቼ ተቀብላችሁ እንደምታስተካክሉ ቀኑን በጽሑፍ አሳውቁን፤ እስከዚያ ድረስ ልጆቻችን ያለ ግፊት እንዳይቆዩ ምትክ እንፈልጋለን።

ከሰላምታ ጋር
የሕፃናቱ ወላጆች