ልጄ፣ ሳይገባሽ አትለፊ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል፣ አታስቢ።

አክስትሽ ከሚኒሶታ ደውላ ነበር። እንዳትቀየሚያት፣ እኔው አጥብቄ ጠይቄያት ነው የነገረችኝ። የፕሪካልኩለስ፣ ያ ከካልኩለስ በፊት የሚወሰደው ሒሳብ፣ የቤት ሥራሽ በሙሉ መቶ ከመቶ ነው። ፈተናው ግን 52። እናትሽ "መምህሩ ከባድ ቢሆን ነው" አለች። እኔ አልመሰለኝም። ጥያቄውን በስልክሽ ፎቶ ታነሻለሽ፣ ስልኩ ይሠራዋል፣ አንቺ ትገለብጫለሽ። የቤት ሥራውን የሠራው ስልኩ ነው፣ ፈተና የገባሽው ግን አንቺ ነሽ። ልጄ፣ ሳይገባሽ አትለፊ።

"ይሄን እንደምንም ልለፈውና ካልኩለስ ላይ እበረታለሁ" ብለሻታል ለአክስትሽ። የእኔ ልጅ፣ ካልኩለስ ላይ ብዙውን ተማሪ የሚጥለው ካልኩለሱ አይደለም። አልጀብራውና ትሪጎኖሜትሪው ነው። ገና ደሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት) ስትጀምሪ ኤክስና ኤች ተደምረው ስኩዌር ይደረጋሉ። መሃል ላይ ሁለት ኤክስ ኤች የምትባል አለች። ብዙ ተማሪ እሷን ይረሳታል። የኤክስ ስኩዌር ደሪቬቲቭ ሁለት ኤክስ የሚሆነው ግን በእሷ ምክንያት ነው። እሷን ከረሳሽ መምህሩ ሊሚትን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያስረዳ መልሱ አይመጣልሽም።

የፈተና ወረቀትሽን አክስትሽ ልካልኝ አየሁት። የ30 እና የ60 ዲግሪ ድምርን ሳይን ስትጠየቂ ሳይን 30ን ለብቻ፣ ሳይን 60ን ለብቻ አውጥተሽ ደመርሽ። 1.366 አልሽ። ሳይን ከ1 በልጦ ያውቃል? 30 እና 60 ዘጠና ነው፣ የዘጠና ሳይን ደግሞ 1 ነው። ስህተቱ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ ያንን ቁጥር ስታዪ አለመደንገጥሽ ነው። የገባው ሰው እዚያ ላይ እርሳሱን ያቆማል።

ሌላው ደግሞ የሳይን 30 መልስሽ በአንዱ ጥያቄ ላይ ኔጋቲቭ ሆኗል። ካልኩሌተርሽ ራዲያን ላይ ነበር። ፈተና ከመግባትሽ በፊት ሳይን 30 ብለሽ ሞክሪው። 0.5 ካለሽ ዲግሪ ላይ ነው። ይሄን እንዳትረሺ።

"ዲግሪ እያለ ራዲያን ምን ያደርጋል?" ብለሽ ባለፈው ጠይቀሽኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልመለስኩልሽም። ራዲያን ማለት በክቡ ጠርዝ ላይ የሬዲየሱን ያህል ርቀት ስትሄጂ የምታገኚው ማዕዘን ነው። በራዲያን ስትለኪ ትንሽ ማዕዘንና ሳይኑ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። የ0.1 ሳይን 0.0998 ነው። የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በዲግሪ ቢሆን ኖሮ በየጊዜው በ0.01745፣ ማለትም አንድ ዲግሪ በራዲያን ስንት እንደሆነ በሚለው ቁጥር፣ ስታባዢ ትኖሪ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሲገባሽ መሸምደድ ይቀርልሻል።

የብላቴ ማሠልጠኛን ነገር ከአጎትሽ ሰምተሻል። የዶርም ጓደኛዬን ግን አልነገርኩሽም። አራት ኪሎ ፍሬሽማን ሳለን ማታ ማታ ባዶ ክፍል ይዞኝ ይገባና ሰሌዳው ላይ ሬዲየሱ 1 የሆነ ክብ ይስላል። ቀመር ስጠራለት "ቀመሩን ተወውና ክቡ ላይ አሳየኝ" ይለኛል። ሳይን ከፍታው ነው፣ ኮሳይን አግድሙ ነው። ካላሳየሁት እንተኛ ብለው አይሰማኝም። ከዚያ በ1983 ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ወረድን። ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። እሱ ከብዙዎቹ ጋር በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እኔ ቤቴ ተመለስኩ። አያትሽ ወታደር ነበሩ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ደመወዛቸው ቀረ። አጎቶችሽ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ሥራ ፈልጌ ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ኢንቴግራል ጋ ሳልደርስ ማለት ነው። አጎቶችሽ ተምረው ሰው በመሆናቸው ደስ ይለኛል። ትምህርቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

አንቺን ከክፍል ጠርቶ የወሰደሽ የለም። ሳይገባሽ አትለፊ።

ሰነፍ ነሽ ማለቴ እንዳይመስልሽ። አዲስ አበባ ሳለን "ለምን?" ብለሽ ከጀመርሽ እኔንም እናትሽንም አታስተኚንም ነበር። ያቺ ልጅ የት ሄደች?

ስታጠኚ ስልኩን አክስትሽ ክፍል አስቀምጪው። በየቀኑ ባዶ ወረቀት ላይ ክቡን ሳይው። የ30፣ የ45 እና የ60ን ብቻ እወቂ፣ ሌላውን ከእነሱ ታወጪዋለሽ። የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ድምር 1 መሆኑ ያው የፓይታጎረስ ቲዎረም ነው። በኮሳይን ስኩዌር አካፍይው፣ የታንጀንቱ ቀመር ራሱ ይመጣልሻል። ኮሌጁ ውስጥ በነፃ የሚያስጠኑበት ቦታ ካለ ሂጂ፣ አትፈሪ። መምህሩ ቢሮ ደግሞ የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ ግቢና "የት ላይ ነው የሳትኩት?" በይው።

ኮርሱን ድሮፕ አደርጋለሁ፣ አቋርጣለሁ ያልሽውን ከአማካሪሽና ከፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ሳትነጋገሪ እንዳታደርጊው። ከ12 ክሬዲት በታች ከወረድሽ ፉል ታይም ተማሪ አትባይም፣ እርዳታሽም ሊቀንስ ይችላል። የማቋረጫው የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ አይተሽ ጻፊልኝ።

እሑድ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። የሳይኑን ጥያቄ እንደገና ሠርተሽ ጠብቂኝ። ለጫማ ያልሽውን ገንዘብ ለአክስትሽ ልኬያለሁ። የሚኒሶታን ብርድ የሚችል ወፈር ያለ ግዢ፣ ለማማሩ ብለሽ ስስ እንዳትገዢ።

የሚወድሽ አባትሽ