ደብዳቤ ለልጄ፦ ሞስ ውስጥ ስላገኘሻት እንጉዳይ

የኔ እናት፣

ወንድምሽ ፎቶሽን አሳየኝ። ቅርጫት ሙሉ እንጉዳይ ይዘሽ ትስቂያለሽ። «ቅዳሜ ጓደኞቿን ልታበላ ነው» አለኝ። ሳቅሽ ደስ አሰኘኝ፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ስሚኝ፦ የለቀምሽበትን ደን እንጉዳይ ሲለቅም የኖረ ሰው በእጁ ይዞ ሳያይልሽ አንዷንም እንዳትቀምሺ።

ባለ ቢጫ እግሯ ሻንቴሬል፣ ያቺ የምትበላው የደን እንጉዳይ ነች ብለሻል። ልትሆን ትችላለች። ጥድ ደን ውስጥ፣ አረንጓዴ ሞስ (መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ተክል) መሃል፣ ብርዱ ሲገባ በመንጋ የምትበቅለው እሷ ነች። ምልክቶቿን ግን አንድ በአንድ እዪ። ቆቧ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሴንቲሜትር። ቡናማ ሆኖ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ስታድግ እዚያው ላይ ሊበሳ ይችላል። እግሯ ቢጫ ነው፣ ውስጡም ባዶ። ከላይ እስከ ታች ሰንጥቂና አረጋግጪ። ከዚያ ቆቡን ገልብጪው። ዋናው ነገር እዚያ ነው። የብዙ እንጉዳይ ከቆቡ በታች ያለው ስስና እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነጣጠለ ንጣፍ ነው፣ በጥፍር ይላቀቃል። የሷ ግን ወፈር ያለ ሽንሽን ነው። ሽንሽኑ ይከፋፈላል፣ ወደ እግሯም ይወርዳል። ከቆቡ ለይተሽ ላላቅቅ ብትዪ አይሆንልሽም።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። እዚያው ሞስ ውስጥ ኮርቲናሪየስ ሩቤለስ የሚባል መርዘኛ እንጉዳይ ይበቅላል። ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ቆቡ ብዙ ጊዜ መሃሉ ሾጠጥ ይላል፣ ከስሩ ያለው ንጣፍ የዝገት ቀለም አለው። ከሻንቴሬሎቹ መሃል አንድ ብቻውን ሊቆም ይችላል። በስካንዲኔቪያ (እነ ስዊድንና ኖርዌይ) ሰዎች ሁለቱን አምታተው ታመዋል። መርዙ ኩላሊት ነው የሚበላው። ማብሰል አያጠፋውም፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ክፋቱ ደግሞ ዝምታው ነው። ሕመሙ ከ2 ቀን እስከ 3 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፖላንድ ውስጥ የዚህ ቅርብ ዘመድ ከ100 በላይ ሰው መርዞ 11 ገድሏል። ሰው በልቶ ሳምንት ከቆየ በኋላ ሲታመም ማን እንጉዳይ ይጠረጥራል? ስለዚህ «ቀምሼ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም» እንዳትዪኝ።

አያትሽ እንጉዳይ ታውቅ ነበር። ሰምተሻል፣ ግን ስትለቅም አላየሻትም። ቁጭ ብላ አፈሩን በጣቷ ትምስና ከነሥሩ ታወጣዋለች። ታገላብጠዋለች፣ ታሸተዋለች። ቆንጆ ሆኖ ሳለ አንዳንዱን እዚያው ትጥለዋለች። «ለምን?» ስላት «ይሄን አላውቀውም» ትለኛለች፣ በቃ። እኔ ገና ልጅ ሆኜ ለትምህርት ተላክሁ። ስመለስ እሷ የለችም። እጇ ላይ የነበረው እውቀት ሁሉ አብሯት ሄደ። ለአንቺ የማወርሰው ይሄ ነበር፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ልጄ፣ እሷ ብትኖርም እዚያ አትረዳሽም ነበር። የእንጉዳይ እውቀት ከደን ደን አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን የገቡ ስደተኞች የአገራቸው እንጉዳይ መስሏቸው ሌላ መርዘኛ እንጉዳይ በሉ። ብዙዎች ሆስፒታል ገቡ፣ የሞተም አለ። የዋሆች አልነበሩም፣ የራሳቸውን ደን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ለዚህ ነው የዚያን ደን ሰው ፈልጊ የምልሽ።

ስልክሽ ላይ ያለው እንጉዳይ የሚለይ አፕ ሰው አይደለም። ፎቶም አይበቃም፣ ለኔም አትላኪልኝ። ትል የበላው ደህና ነው የሚሉሽንም አትስሚ። ለቀንድ አውጣ የማይጎዳው አንቺን ይገድላል።

ስትለቅሚ በጭብጥ እየዘገንሽ አይሁን። አንድ አንድ እያልሽ፣ እያንዳንዷን እያገላበጥሽ። የምትጠራጠሪውን ከቅርጫቱ ጋር አትቀላቅዪ። ደኑ ውስጥ ቶሎ ይመሻል፣ ስልክሽን ሞልተሽ ውጪ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊ።

ፍሪጅ ያለውን ዛሬ ማታ አትንኪው። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ቆብ ወስደሽ ነጭ ወረቀት ላይ ደፍተሽ በብርጭቆ ክደኚው። ጠዋት ከቆቡ ወረቀቱ ላይ የረገፈውን ዱቄት እዪ። የሻንቴሬሏ ዱቄት ነጣ ወይም ክሬም ይላል። የዝገት ቀለም ካየሽ ቅርጫቱን በሙሉ ጣዪው፣ አትምረጪ። ነጭ ቢሆንም ግን መብላት ተፈቀደልሽ ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ ያ ደኑን የሚያውቀው ሰው ይየው። ከፈቀደልሽ በደንብ አብስለሽ ትንሽ ብቻ ብዪ፣ ጥቂቱን ጥሬውን ፍሪጅ አስቀሪ። ምናልባት ሆድሽን ካመመሽ፣ ወይ ከቀናት በኋላ ውሃ ጥም ከጠናብሽ፣ ወይ ሽንትሽ ከተለወጠ፣ ያስቀረሽውን ይዘሽ ሆስፒታል ሩጪ። እንጉዳይ እንደበላሽም ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው።

ለጓደኞችሽ ቅዳሜ ሌላ ነገር ሥሪላቸው። እናትሽ ነገ ማታ ትደውላለች፣ አንሺላት።

አባትሽ