«እስከ 25 አይበስልም» የሚለው አባባል ግማሹን ብቻ ይናገራል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ታዳጊዎች በተጻፈ ቁጥር «የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመቱ አይበስልም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ የሚያቅደውና ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ዘግይቶ እንደሚደረጅ የአንጎልን ምስል በሚያነሣው የኤምአርአይ መሣሪያ በተደረጉ ክትትሎች ታይቷል። በጉርምስና ዘመን አንጎል፣ ገበሬ የቡና ተክሉን እንደሚገርዘው ሁሉ፣ ብዙም ሥራ የሌላቸውን የነርቭ መገናኛዎች ያስወግዳል። የሚሠራባቸውን መስመሮች ደግሞ ማይሊን በሚባል የስብ ልባስ እየሸፈነ መልእክት ቶሎ እንዲያልፍባቸው ያደርጋል። ሥራው በጥቅሉ ከኋላ ወደ ፊት ስለሚሄድ ግንባር ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። በ25ኛው ልደት ማግስት ግን የሚለወጥ ነገር የለም፤ ለውጡ አዝጋሚ ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያል።

ችግሩ ወላጅ ቁጥሩን ሲሰማ «እንግዲያው ልጁን ምን አማክረዋለሁ?» ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጎረቤታችን ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች የተካሄደ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ከ5,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። በማመዛዘንና በማስታወስ ፈተናዎች የ16 ዓመት ልጆች ከአዋቂዎች እምብዛም አላነሱም። ራስን መግታት፣ የጓደኛ ግፊትን መቋቋምና አርቆ ማሰብ ግን ከ18 ዓመት በኋላም ገና እያደጉ ነበር። ስለዚህ በስክነት የሚሰጥ ውሳኔና በግለት የሚሰጥ ውሳኔ በአንድ ዕድሜ አይበስሉም። ጊዜና መረጃ ያገኘ፣ የሚያማክረው ሰው ያለው የ16 ዓመት ልጅ ደህና አድርጎ ይወስናል። ያው ልጅ ጓደኞቹ ከበው «ፈራህ እንዴ?» ሲሉት ሌላ ሰው ነው።

ይህን በደንብ ያሳየው አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው በዚህ የአሜሪካ ጥናት ተጫዋቹ መኪና እየነዳ የትራፊክ መብራት ቢጫ ሲሆን ለመቆም ወይም ነጥብ ለመጨመር ለመቀጠል ይወስናል፤ ቶሎ ካልቆመ ይጋጫል። ለብቻቸው ሲጫወቱ ታዳጊዎቹና አዋቂዎቹ ብዙም አልተለያዩም። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ግን ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት አደጋ የመድፈር ልማዳቸው እጥፍ ሆነ፤ ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ላይ ለውጥ አልታየም። ከዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ጨዋታ በኤምአርአይ ውስጥ ሲደገም ጓደኞቹ በሌላ ክፍል ሆነው መመልከታቸው ብቻ የታዳጊዎቹን የአንጎል የሽልማት ማዕከል፣ ማለትም ደስታ ወይም ጥቅም ሲጠበቅ የሚነቃውን ክፍል፣ አነቃቅቷል። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ የጓደኛ ዓይን ሽልማቱን ስላገዘፈባቸው ነው። «አደገኛ ነው» የሚለው ስብከት ብቻውን ፍሬ የማያፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆች አደጋውን ያውቁታል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከእኛ አብልጠው ይገምቱታል።

የሚሻለው ውሳኔውን ከግለቱ በፊት መጨረስ ነው። የሰከረ ጓደኛ ሞተር ሳይክል ላይ «ና ውጣ» ቢለው ምን ብሎ እንደሚመልስ ልጁ ቤት ሆኖ፣ በራሱ አፍ፣ ባጭሩ ይለማመደው። «አባቴ መንገድ ላይ ነው፣ ሊወስደኝ እየመጣ ነው» ዓይነት፣ ክብሩን የማይነካ ማምለጫ ይበቃል። ሲደውል እንደሚመጡለትና በዚያው ምሽት ምርመራ እንደሌለ ቃል ይግቡለት፤ ቁጣው ለነገ ይደር። ቃሉ አንዴ ከፈረሰ ሁለተኛ አይደውልም።

የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫም ስክነት የሚፈልግ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤት ግን በግለት ይሞላል። ቅጹ በክፍል ውስጥ ይታደላል፣ ልጆች አጠገባቸው ያለው ምን እንደጻፈ እያዩ ይሞሉታል። ቅጹ ቤት ሄዶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ። ወላጅ ከመናገሩ በፊት ልጁ ይናገር፤ አባት «ሐኪም ነው የሚሆነው» ካለ በኋላ የሚመጣው መልስ የልጁ አይደለም። የሁለት ዓመት የየትምህርቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየትም ከአንድ ሰዓት ምክር ይበልጣል።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት በከፊል ያውቀዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለውን ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው የተለየ እርምጃ ያዛል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ግን በመደበኛው ድንጋጌ እንዲዳኝ አድርጎ ቅጣት ማቅለልን ለዳኛው ይተዋል። በእኛ እምነት ክፍተቱ የሚጎዳው ገና ከምርመራ ክፍሉ ጀምሮ ነው። «ፈርምና ቤትህ ሂድ» የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ መውጣቱን ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚመጣው ፍርድ አስበልጦ ያያል። ወላጅ ወይም ጠበቃ ሳይኖር የሚወሰድ ቃል በዚህ ዕድሜ እምነት አይጣልበትም።

እንቅልፍን ደግሞ ማንም ከዚህ ጉዳይ ጋር አያያይዘውም። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ይገፋል፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን ዘግይቶ ይመነጫል። ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ያልተኛ ልጅ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ በ5 ተኝቶ ንጋት 11፡30 ላይ ከተነሣ የሚያገኘው 6 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ የመከረው ለዚህ ነው። እንቅልፍ ሲያጥር ቀድሞ የሚደክመው ያ ገና ያልጠነከረው መግቻ ነው። የመግቢያ ሰዓት መለወጥ ባይቻል እንኳ ስልኩ ማታ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚነሣበት ሰዓት ከአዘቦቱ ከሁለት ሰዓት በላይ አይራቅ፣ ርእሰ መምህራንም ከባዱን ፈተና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አይመድቡት።

የሥነ ልቦና መምህራን፣ ከአዲስ አበባ