ይድረስ ለእማዬ፣ ስለ ስኳር ድንች ዳቦ

ራሌይ፣ ኖርዝ ካሮላይና

የምወድሽ እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው። ብርዱ ገና አልጠናም፤ ስለ እኔ አታስቢ።

ባለፈው ስንደዋወል ዱቄት ተወደደ፣ ዳቦ ጋግሮ መሸጡ አላዋጣ አለ ብለሽኝ ነበር። እትዬ ደግሞ ከጎንሽ ሆና "ልንተወው ነው" ስትል ሰማኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ከአእምሮዬ አልወጣም። አሁን የምነግርሽ ነገር ልኬት ስላለው በስልክ አይሆንም። ለዚህ ነው መጻፌ። እትዬ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ነገሩ ስኳር ድንች ነው እማዬ። ዳቦው ውስጥ ስኳር ድንች ጨምሩበት።

እንደማይጥምሽ አውቃለሁ። እኛ ቤት ስኳር ድንች የችግር ቀን ምግብ ነው። ወላይታ እናትሽ ዘንድ ስንከርም፣ በልግ ላይ ጎተራው ባዶ ሲሆን ያቆየን እሱ ነበር። ሐዋሳ ከገባን በኋላ ግን ድስቱ ላይ እያለ እንግዳ ከመጣ ክዳኑን ገጥመሽ ወደ ጓዳ ታስገቢው ነበር። እዚህ አገር እንዴት እንደሚከበር ብታዪ!

ያለሁበት ስቴት ከመላው አሜሪካ በስኳር ድንች አንደኛ ነው፤ ከ1971 ጀምሮ በፈረንጆች ማለት ነው። ከከተማ ወጣ ስትዪ እርሻው ማለቂያ የለውም። ዊልሰን የምትባል ከተማ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ለምክር ቤት ጽፈው፣ በ1995 ስኳር ድንች የስቴቱ አትክልት ተብሎ በሕግ ታወጀ። ኅዳር ላይ የምስጋና ቀን ሲያከብሩ ያለ እሱ ማዕድ አይቀርብም። ሀብታሙም ድሃውም ይበላዋል።

ዳቦውን ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ወልዳ የልጅ ልጅ አይታለች። እንዳንቺ እጇ ባዶ አይመጣም። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆነን በፎጣ የጠቀለለችውን ዳቦ አወጣች። ውስጡ ወርቅማ ቢጫ ነው፤ ቀረፋና ዝንጅብል ይሸታል። በሻይ በላነው። እንዴት እንደጋገረችው ስጠይቃት "ማሽኑ ነው የጋገረው" አለችኝ። እኔም ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በርካሽ አንድ ገዛሁ።

ማሽኑን ልንገርሽ፤ እትዬ ስለሱ መጠየቅ አላቆመችም። ቁመቱ ከክንድ ያነሰ ሣጥን ነው። ውስጡ አንድ ድስት አለው፣ ከድስቱ ሥር ደግሞ ትንሽ መምቻ። ወተቱን፣ የተደፈጠጠውን ስኳር ድንች፣ ቅቤውን፣ ማሩንና ጨውን አስቀድመሽ ትጨምሪያለሽ። ዱቄቱን ከላይ ትነሰንሺበታለሽ። በመጨረሻ ዱቄቱን መሐል ላይ በጣት ጎድጎድ አድርገሽ እርሾውን እዚያ ታስቀምጫለሽ። እርሾው ገና ከመጀመሪያው ጨውና ፈሳሽ ባይነካው ይመረጣል። ከዚያ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ራሱ ያቦካል፣ ያሳርፋል፣ ኩፍ ያደርጋል፣ ይጋግራል። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሲጨርስ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጠራሻል። የሌሊት ሥራ ውዬ አድሬ ስገባ ይህ ትልቅ ነገር ነው እማዬ። ከፍቼው እተኛለሁ፤ ስነሳ ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል።

አንድ ነገር ግን ማሽኑ አያውቅም፤ ሊጡን ማየት ያንቺ ሥራ ነው። ስኳር ድንች አንዱ ውሃ ያዘለ፣ አንዱ ደረቅ ነው። ማቡካት ከጀመረ ጥቂት ቆይቼ ክዳኑን ከፍቼ አየዋለሁ። ሊጡ ለስልሶ ድብልብል ብሎ በድስቱ ውስጥ የሚዞር ከሆነ ጥሩ ነው። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ደርቆ ከተሰባበረ አንድ ማንኪያ ወተት እጨምራለሁ። አንቺ በእጅሽ ስለምታውቂው ይህ አያስቸግርሽም።

ልኬቴ ይህ ነው፦ 400 ግራም ዱቄት፣ ተደፍጥጦ 240 ግራም የሚሆን ስኳር ድንች፣ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ። ቅመሙ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል፣ ዝንጅብል ግማሽ፣ ገውዝ ትንሽ ቆንጠር። እነሱ በዚህ ያበቃሉ። እኔ ግን በላካችሁልኝ ዕቃ ውስጥ ያገኘሁትን ኮረሪማ ፈልፍዬ፣ ወቅጬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨመርኩበት። ያቺ ሴትዮ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። "ይህ ምንድን ነው?" ስትለኝ ከአገሬ ጫካ የሚወጣ ነው አልኳት። ካፋ ውስጥ ከቡናው ጋር አብሮ እንደሚበቅል ነገርኳት። አሁን የራሷን ድርሻ ትጠይቀኛለች።

ቅመም ስትጨምሩ ቀረፋውን አታብዙት። ቀረፋ ሲበዛ እርሾውን ያደክመዋል፤ ሊጡ ኩፍ ለማለት ይዘገያል።

ስኳር ድንቹን ደግሞ ባትቀቅሉት ይሻላል። ሲቀቀል ውሃ ይይዛል፣ ሊጡንም ያላላል። እኔ ከነልጣጩ ኦቨን ውስጥ አስገብቼ፣ ሽሮፑ ልጣጩን ቀዶ እስኪንጠባጠብ እተወዋለሁ። እናንተ ረመጥ ውስጥ ቅበሩት። ቀስ ብሎ ሲበስል ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስለዚህ ስኳርም ማርም ብዙ አትፈልጉም። እንደተቆፈረም አትጠቀሙበት። እዚህ ገበሬዎቹ ቆፍረው ሲያበቁ 29 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ እርጥበት ያለው ክፍል ውስጥ ለሳምንት ያህል ያቆዩታል። ሲቆፈር የተላጠው ይጠግናል፣ ጣዕሙም ይጨምራል። እናንተም ሞቅ ያለ ጥላ ሥር ጥቂት ቀን አቆዩት።

ለናንተ እንዲህ አስቤዋለሁ። ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ኪሎ የተደፈጠጠ ስኳር ድንች። ውሃውን እንደወትሮው አታፍስሱ፤ ከለመዳችሁት ከግማሽ በታች ጀምራችሁ በየትንሹ ጨምሩ። ድፎውን እንደምታውቂው በኮባ ጠቅልለሽ ጋግሪው፤ ጥቁር አዝሙዱም ይግባ። ስኳር ስላለው ቶሎ ይጠቁራልና የላዩን እሳት ቀነስ አድርጊው። በዚህ ልኬት ዱቄቱ በጣም አይቀንስልሽም፣ ትንሽ ነው። ሊጡን ከለመድሽው በኋላ ስኳር ድንቹን እያሳደግሽ ሂጂ። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ይህ ዳቦ ቶሎ አይደርቅም። ማታ ሳይሸጥ ያደረው ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። አንቺን የሚያከስርሽ ያደረ ዳቦ መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚያ ላይ ነው የሚያተርፍሽ።

ጥቁሮቹ ይህንን ጥንት ያውቁት ነበር። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የሚባል ሰው ያስተምር ነበር። በባርነት ተወልዶ ሳይንቲስት የሆነ ሰው ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስንዴ ሲያጥር፣ ስኳር ድንች አድርቆ ፈጭቶ ከስንዴ ዱቄት ጋር እየቀላቀለ የተማሪዎቹን ዳቦ አስጋገረ። በ1918 መንግሥት ዋሽንግተን ድረስ አስጠርቶ አሳየን አለው። የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህ ሰው ስታወራ አንገቷ ቀጥ ይላል። እኔም ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያ ጓዳ የሚገባው ድስት ትዝ ባለኝ ቁጥር ይቆጨኛል። ያሳደገን እህል ነው እኮ!

አንድ ሌላ ጉዳይ። ከቻላችሁ ውስጡ ብርቱካን የሚመስለውን ፈልጉ። ነጩ ሆድ ይሞላል እንጂ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ብርቱካናማው ግን ሞልቶታል፤ ለዓይንም ለሕፃናት አቅምም ነው። ለወንድሜ ልጆች እሱን ስጧቸው። እዚያው እናንተ ጋ ቱላና ኩልፎ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። እትዬ የግብርና ቢሮ ሄዳ ሐረጉን ትጠይቅ። የሚተከለው ሐረጉ ስለሆነ አጎቴ ጓሮው ላይ ጥቂት ቢተክል በሚቀጥለው ዓመት ለጎረቤትም ይተርፋል።

ለመሞከሪያ የሚሆን ብር በእትዬ ስም ልኬአለሁ። ለዱቄትና ለስኳር ድንች ብቻ ይሁን፤ ለሌላ አታድርጉት፣ እባክሽ። መጀመሪያ ጥቂት ጋግራችሁ ለደንበኞች አቅምሱ። ሰው ወደደው ወይስ ጣፈጠብን አለ? እውነቱን ንገሩኝ። ከጣፈጠባቸው ማሩ ይቅር።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለአክስቴ፣ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሰው ሲመጣ ደግሞ ኮረሪማ ላኪልኝ፤ ለሁለት ሰው እንዲበቃ ይሁን።

የምትወድሽ ልጅሽ