አዚፋና ቡቲቻ ለቤት ግብዣ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፒያሳና ካዛንችስ አካባቢ ልደት ወይም ምርቃት የሚደግስ ቤተሰብ ለቁርሳቁርስ ብዙ ገንዘብ ማውጣት የለበትም። በጾምም በፍስክም የሚቀርቡት አዚፋና ቡቲቻ ሃያ እንግዳ ያስተናግዳሉ።

ለአዚፋ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር እስኪለሰልስ ቀቅሎ ውሃውን በደንብ ማጥለል፣ በትኩሱ ግማሹን ብቻ መደቆስ። ሁሉም ከተደቆሰ ሊጥ ይመስላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ሰናፍጩ ላይ ነው። በፈላ ውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ ይጠፋና ምሬቱ ይቀራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ከድኖ 15 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። የሁለት ሎሚ ጭማቂ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከቀደመ ሰናፍጩ ኃይሉን አያወጣም። ምስሩ ሲቀዘቅዝ ከሰናፍጩ፣ ከሩብ ኩባያ ዘይትና ከጨው ጋር ይለወስ። ሽንኩርትና ቃሪያ እንግዳ ሊገባ ሲል ይከተፉ፤ ተከትፎ ያደረ ሽንኩርት ውሃ ይለቃል፣ ሽታውም ይከብዳል።

ቡቲቻ ይቀላል፦ አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት በሦስት ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ (በትኩስ ውሃ ይጓጉላል)፣ በመለስተኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ይማሰል። ጥሬ ጥሬ ካለ አልበሰለም። ቀዝቅዞ ሲረጋ በዘይትና በሎሚ ይመታ።

ለማጥቀሻው ዳቦ መግዛት እንኳ አያስፈልግም። የተረፈ እንጀራ በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ለስለስ ባለ እሳት ምጣድ ላይ ይድረቅ። ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ ግን በላቡ ይለሰልሳል።

ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ