ከገጽ 112 በኋላ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች። ትንሹ ማንበብ ጀምሯል። ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፣ የሻምፑ ጠርሙስ ላይ ያለውን ሳይቀር። ትናንት ከመጽሐፌ ሽፋን ላይ ስሜን አንብቦ «እማዬ፣ አንቺም እዚህ ተጽፈሻል!» አለኝ። ለአያቴ ንገሪልኝ ብሏል፤ ይኸው ነገርኩህ።

ስለ እነሱ ሌላ ሁለት ገጽ መሙላት አያቅተኝም። ግን አንተ ዕድሜህን ሙሉ የተማሪ ድርሰት ስታርም የኖርክ ሰው ነህ። መግቢያው የተንዛዛ ጽሑፍ ከምን እንደሚሸሽ አይጠፋህም።

ይህን የምታነብልህ እማዬ መሆኗን አውቃለሁ። እማዬ፣ እባክሽ ሳትዘዪ አንብቢለት። የሚያስቀይመውንም ጭምር።

ታናሼ ባለፈው ሳምንት ደውላ ስለ ዐይንህ ነገረችኝ። ግላኮማ አለችኝ። ቃሉን ሁለቴ አስደገምኳት። ከዚያ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ጥያቄ «አሁን እንዴት ነው?» አልነበረም። «ከመቼ ጀምሮ?» ነው ያልኳት። ሐኪሙ ዓመታት ሳያስቆጥር አይቀርም ማለቱን ስትነግረኝ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደዚያ ብዬ እንደጠየቅሁ ልነግርህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ቀስ ብዬ ልድረስበት።

መጀመሪያ ጠብታው። ሁለቱን መድኃኒት በላይ በላዩ አታድርግ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል። አንዱን ካደረግክ በኋላ ዐይንህን ጨፍን፣ በአፍንጫህ በኩል ያለውን ጥግ በጣትህ ቀስ አድርገህ ጫን፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆይ። ከዚያ ሌላውን። «ለውጥ የለውም» ብለህ ሁለት ቀን መዝለልህንም ሰምቻለሁ። ለውጥ አይታይህም አባዬ። የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውን ነው የሚጠብቀው። ምንም ውጤት ሳታይ በየቀኑ አንድን ነገር ማድረግ ምን ያህል እንደሚያሰለች ለእኔ አትንገረኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ኖሬበታለሁ።

ሐኪሙ በዘር ስለሚሄድ ልጆችህም ይታዩ ብሏል አሉ። ቀጠሮ ይዣለሁ። እሺ፣ አልያዝኩም። ሰኞ እይዛለሁ።

አሁን ስለ መጽሐፉ።

የመጀመሪያውን ልብ ወለዴን በራሴ ገንዘብ ላሳትም ነው ስልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «አሳታሚ ያላመነበትን አንባቢ እንዴት ያምነዋል?» ነው ያልከው። ክፉ ለመናገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ከእኔ ጋር ብዙ ኖራለች። መጽሐፍ ባልተሸጠበት ወር ሁሉ ትመጣለች። 1,000 ቅጂ አሳትሜ ሦስት ካርቶን አሁንም ቤት አለ፤ ልጆቹ ጨርቅ አልብሰውት ጠረጴዛ አድርገውታል፣ ላዩ ላይ ሥዕል ይስላሉ።

ሰው ሊያጽናናኝ ሲፈልግ የታላቁን የፈረንሳይ ደራሲ የፕሩስትን ታሪክ ነው የሚያመጣብኝ። አሳታሚዎች እምቢ ብለውት እ.ኤ.አ. በ1913 በራሱ ወጪ አሳተመ፤ ከመለሱት አንዱ አንድሬ ዢድ በዓመቱ ይቅርታ ጠይቆ ጻፈለት። እውነት ነው። ታሪኩን ግን አልወደውም። የሚነገረው እኮ ሰውየው ፕሩስት ስለሆነ ነው። በዚያው ዓመት በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ካርቶኑ ቤት የቀረበትን ሰው ማን ያነሳዋል? ለእኔ የሚቀርበኝ ዋልት ዊትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ግጥሞቹን ራሱ አሳትሞ፣ ስሙን ሳይጠቅስ ጋዜጣ ላይ መጽሐፉን አሞገሰ! እኔም አንድ ሌሊት በውሸት ስም ለራሴ አምስት ኮከብ ልሰጥ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። የተውኩት ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልህ። አጻጻፌ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው።

ትችቱን አልነገርኩህም። አንተ ጋ ስመጣ «መጽሐፉ እንዴት ነው?» ትለኛለህ፣ «ደህና ነው» እልሃለሁ፣ ያልቃል። ደህና አልነበረም። አንዱ «ገጽ 60 ላይ ወርውሬዋለሁ» ብሎ ጻፈ። እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቼ አራት አንቀጽ መልስ ሰጠሁት፤ ምን ለማለት እንደፈለግሁ፣ ገጽ 60 ለምን ዝግ ማለት እንደነበረበት፣ ሁሉንም አስረዳሁ። እሱ በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «መጽሐፉ ውስጥ ያላስረዳሽውን እዚህ አታስረጂኝ።» ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ልክ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትችት መልስ አልሰጥም፤ ለራሴም ቢሆን ሦስት ቀን ሳይሞላው ደግሜ አላነበውም።

ሌላዋ ደግሞ ቆጥራ መጣች። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ 23 ጊዜ «ዐይኗ እንባ አቀረረ» አለች። ተናድጄ እኔም ቆጠርኩ። 26 ነው። ሦስቱ አምልጠዋታል።

ቀስ በቀስ ነው መለየት የቻልኩት። «አይረባም» ያለኝ ሰው ምንም አልሰጠኝም፣ ስለዚህ የምወስድለትም የለም። ገጽ ጠርቶ «እዚህ ጋ ጠፋሁ» ያለኝን ግን ቢሰድበኝም እጽፈዋለሁ። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ እዚያ ድንጋይ አለ፤ ስለ ድንጋዩ የሚሉት ባይስማማም። መፍትሔያቸውን ግን ብዙ ጊዜ አልቀበልም፤ ቦታው ላይ ልክ ናቸው፣ ጥገናው የኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ የራሴን መጽሐፍ ሐሜት እንደዚህ ከሰው እየለቀምኩ ነው የሰማሁት።

ስድብ ይታገሱታል። የሚከብደው ምንም አለመባል ነው። ሽያጩን በቀን አሥር ጊዜ እያየሁ ራሴን ላብድ ስል፣ ከቅዳሜ በቀር እንዳላይ ከለከልኩት። ልጆቹ ሳይነሱ 300 ቃል እጽፋለሁ። ቢያምርም ባያምርም 300። አንዳንድ ቀን 290ው ይሰረዛል። አንዲት ነርስ የሌሊት ተረኛ ሆና እንዳነበበችውና ገጽ 140 ላይ የሽማግሌው ሞት ከታማሚዎቿ አንዱን እንዳስታወሳት ጻፈችልኝ። አራት መስመር ናት። በዚያች አራት መስመር ስምንት ወር ጽፌያለሁ።

ገጽ 140። አንተ ያልደረስክበት።

አዎ፣ ደረስንበት። መጽሐፉን የሰጠሁህ ቀን በእጅህ መዝነህ «ወፍራም ነው» አልክ። አራት ወር ቆይቶ በእማዬ እጅ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ስፈታው ቀይ በቀይ ነው። «ማን?» «ለምን?» «ዝናቡ ስንት ጊዜ ይዘንባል?» «ይህ ዓረፍተ ነገር ደክሞታል፣ አሳርፊው።» «አይን» ብዬ በአልፋው አ የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዘህ ከላዩ ዐይኑን ዐ አስቀምጠሃል። ሁሉንም! አንድም ቦታ ጥሩ ነው የሚል የለም። ገጽ 89 ላይ ብቻ ከአንድ አንቀጽ ጎን ቀጥ ያለ መስመር አስምረህ ምንም ሳትጽፍ አልፈሃል። ስንት ሌሊት እንዳየኋት። ምን ማለትህ ነበር?

ከገጽ 112 በኋላ ደግሞ ምንም የለም። ነጭ። 174 ገጽ ሙሉ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም። እንኳን ሊመሰገን ሊታረምም አልበቃ አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። እዚያ ጋ ሰልችቶህ ዘጋኸው ብዬ። መደርደሪያው ጥግ አስቀመጥኩትና ከፍቼው አላውቅም። ላንተም አልጠየቅኩህም፣ አንተም አላነሳህም። በየበዓሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ አየሩ እናወራ ነበር።

ታናሼ ስልኩን ስትዘጋ ወርጄ አወጣሁት።

መጀመሪያ ላይ መስመርህ ቃሉ ሥር ልክ በማስመሪያ እንደተሠመረ ነው። ወደ 90ዎቹ ሲደርስ ወደ ታችኛው መስመር መንሸራተት ይጀምራል። ገጽ 104 ላይ አንዱን ስህተት ሁለቴ አርመኸዋል። ፊደሎችህ እያደጉ ሄደዋል፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፋቸው ይመስላሉ። ገጽ 112 ላይ የመጨረሻዋ ዐ ከቃሉ ሁለት ጣት ርቃ ነጩ ወረቀት ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አምፖሉ ደከመ እያልክ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ያስቀየርከን ትዝ አለኝ።

አሁን የፈራሁትን ልበለው። «ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ረጅም ጊዜ እንዲሆን እየተመኘሁ ነበር። ዓመታት ሲባል መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። መጽሐፌ አይደለም፣ ዐይኑ ነው አልኩ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ተደሰትኩ አባዬ። የአባቷ ዐይን በመታመሙ የተደሰተች ልጅ ነኝ። ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

ቢሆንም ተቆጥቻለሁ። «ስህተቱን የደበቀ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ» እያልክ አሳድገኸኝ አንተ ግን አምፖል ታስቀይራለህ? ያኔ ብትናገር ኖሮ ይህ ጠብታ ያኔ ይጀመር ነበር። የሚጠበቀውም ከዚህ ብዙ ነበር። ግላኮማ ከዳር ነው የሚጀምረው፤ አእምሮ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ስለሚያሳይ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይቆያል ይላሉ። ይህን ሳነብ የራሴ እርማት ትዝ አለኝ። ረቂቁን ስምንት ጊዜ አንብቤ ገጽ 3 ላይ የገጸ ባሕሪዬ ስም ተሳስቶ ታትሟል፤ ያየሁት የተጻፈውን ሳይሆን ያሰብኩትን ነበራ። አርታኢ ለመቅጠር ገንዘብ አልነበረኝም። አንተን መጠየቅ እችል ነበር። ግን ያለቀለት መጽሐፍ ይዤልህ መምጣት ነው ያማረኝ። እንግዲህ ሁለታችንም ደብቀናል።

ምናልባት ደግሞ እውነትም ሰልችቶህ ይሆናል። ከሆነ ንገረኝ። እችለዋለሁ አሁን።

ሁለተኛው መጽሐፍ አልቋል። አልነገርኩህም፣ ላንተ ላለመስጠት ወስኜ ስለነበር። ግን ሙሉውን የጻፍኩት ቀዩን እስክሪብቶህን ጎኔ አስቀምጬ ነው ማለት ይቻላል። ዝናቡ አንዴ ብቻ ይዘንባል። እንባ አቀረረ የሚል አንድም ቦታ የለም። ዐይን የሚለውን ቃል ሁሉ በዐይኑ ዐ ነው የጻፍኩት፣ እዚህ ደብዳቤ ላይም እንደዚያው፤ እማዬ ስታነብልህ ልዩነቱ አይሰማህም። አምነኸኝ እለፍ።

ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ላነብልህ እፈልጋለሁ። ማታ ማታ፣ በስልክ። ጆሮህን የቆረቆረህ ቦታ ሁሉ «እ» በለኝ፣ አቆማለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ። ምክንያቱን ወዲያው ባትነግረኝም ግድ የለም፤ ቦታውን ካሳየኸኝ ይበቃኛል።

እማዬ፣ እሁድ ማታ የመጀመሪያውን ጠብታ ስታደርጊለት ደውዪልኝና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት። አምስት ደቂቃ አለን። ዐይኑን እንደጨፈነ ሁለት ገጽ እንጨርሳለን።

ልጅህ